ሦስት ነጥብ አራት ላይ የሚኖር ዓሣ

ያን ቀን ጠዋት ለባለቤቴ ደወልኩና፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሎሚ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው!» አልኳት።

«ኪሎው?» አለች ደንግጣ።

«ኮምጣጣነቱ ነው እንጂ!»

  ከኋላዋ የሴት ልጃችን ሳቅ ተሰማኝ፤ ወዲያው ስልኩን ተቀበለቻት።

«አባዬ፣ ፒኤች እኮ አሥራ አራት ላይ ነው የሚያበቃው። ሰባት መሀል ነው፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ይኮመጥጣል። አንተ የገዛኸው ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው የሚቆጥረውን ነው።»

ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ሪያድ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ፣ ስድሳን የተሻገርኩ፣ መኪና ቁልቁለት ላይ በድምፁ የማውቅ፣ ግን ስክሪን ያለው ነገር ሁሉ አንድ የሚመስለኝ። መለኪያውን ባጥሐ በሚባለው የሪያድ ገበያ ጨርቅ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ላይ ነበር ያነሳሁት። እስክሪብቶ ይመስላል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ርካሽ ነው። ምን እንደሚለካ አልጠየቅኩም። ጠዋቱን በሙሉ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ የቧንቧ ውሃ ለካሁ፣ ሻይ ለካሁ፣ እርጎ ለካሁ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ምራቄንም ለካሁ። ከሻይ እበልጣለሁ።

አሁን፣ የሪያድ ሹፌር የኮምጣጣነት መለኪያ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ነገሩ የባለቤቴ ነው።

ቤታችን አዳማ ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ከዝዋይ በኩል ወይን እያስመጣች ወይን ጠጅ ትጥል ነበር፤ ለንግድ አይደለም፣ ለቤት፣ ለዓመት በዓል፣ ለወዳጅ። በሰፈራችን የታወቀች ናት። የወንድ ልጃችን ሠርግ ጊዜ ግን በርሜሉ ሙሉ ወይን ኮምጣጤ ሆኖ ተበላሸባት። እኔ ፈቃድ ሳላገኝ ቀርቼ እዚሁ ሪያድ ነበርኩ፤ ወሬውን በስልክ ነው የሰማሁት። የወንድሜ ሚስት አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ዙሪያዋን እየቃኘች፣ «ሰላጣው የታለ?» አለች አሉ። ገበታው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ወይን አልጨመቀችም። በርሜሉን ገልብጣ የልብስ ሳሙና ማስቀመጫ አደረገችው።

አሁን ደግሞ ልታገባ የደረሰችው ይቺው አስተማሪዋ ልጃችን ናት። ሠርጉ ጥር ላይ ተቆርጧል። «እማዬ ያንቺ ወይን ከሌለ ሠርግ የለም» ብላ አጥብቃ ያዘቻት። ያኔ ለምን እንደተበላሸም ያስረዳቻት እሷ ናት፦ ወይኑ በፀሐይ ብዛት ከመጠን በላይ በስሎ ነበር፤ ጣፋጭነቱ በዝቶ ኮምጣጣነቱ አንሶ ነበር፤ ኮምጣጣነት ሲያንስ ደግሞ የሚያበላሸው ተህዋስ እንደ ልቡ ይገባል። ኮምጣጤ የሆነው ሲጀመር በቂ ኮምጣጣ ስላልነበረ ነው ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የተረዳሁት አይመስለኝም። ብቻ፣ ጭማቂው ገና ሲጨመቅ መለካት አለበት። ሦስት ነጥብ አራት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው።

ልጄ መለኪያውን አዲስ አበባ ጠይቃ የተነገራት ዋጋ ከቬሎ ኪራይ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ የሦስት ወር ኢጃዛ፣ ዕረፍት ማለት ነው፣ ተፈቅዶልኝ፣ ልክ ወይኑ በሚደርስበት በኅዳር ልሄድ ነው።

«በሄድክባቸው ዓመታት ሁሉ ወርቅ አምጣልኝ ብዬህ አላውቅም» አለችኝ ባለቤቴ ያን ጊዜ። «ይቺን ብቻ አምጣልኝ። ርካሽ ይሁን። ግን እንዳይዋሽ። ሁለተኛ ሰላጣ የለኝም።»

እኔም ሄጄ የጨው መቁጠሪያ ገዛሁላት።

የመሄጃዬ ቀን ቀርቧል። ስልኩን እንደዘጋሁ ወጥቼ ከግቢያችን አጥር ሥር ካለው ወዳጄ ዘንድ ተቀመጥኩ። የጎረቤት ቤት ሓሪስ ነው፣ ዘበኛ ማለት ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ምላሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጾም ውሎ የማያውቅ።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ እንደ ሎሚ ሆነ?»

«ሎሚውን ተወው። ስንት እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም።»

የሆነውን ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀና እንባውን ጠራረገ። «አብሽሩ፣ አይዞዎት። ባጥሐ የዓሣ ሱቅ አለ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ። የሚበላ አይደለም፣ በመስታወት ውስጥ የሚታየው። እነሱ ለዓሣው ብለው ውሃ ይለካሉ። እርስዎ የሚሉትን ዓይነት ነገር አይቻለሁ።»

«ለምን ፈለግከው ካለኝስ?»

«እዚህ አገር ለመጠጥ ነው ብለው እውነቱን ከነገሩትማ ጋሼ፣ ወላሂ ቲኬት ሳይቆርጡ አገርዎ ይገባሉ!»

«እኔ እኮ እዚህ ልጥል አይደለም። አገሬ ነው።»

«ይህን እስኪያስረዱ ድረስ አይሮፕላኑ ተነስቷል። ዓሣ አለኝ ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። እርስዎ ሲጨምሩ ነው ነገር የሚበላሸው።»

ወርቅ የሆነ ምክር ነበር። ባጥሐ እስክደርስ ይዤው ሄድኩ።

ስደርስ የመግሪብ ሰላት ደርሶ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ደረጃው ላይ ከገንዘብ ላኪዎችና ከጫማ ጠራጊዎች መሀል ተቀምጬ ጠበቅኩ። ማተቤን ከሸሚዜ ኮሌታ ሥር ገፋ አደረግኩት። መዝጊያው ሲነሳ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ።

ባለሱቁ የመናዊ ነው፣ ከእኔ ሃያ ዓመት ያህል የሚያንስ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ ረጋ ያለ። ከኋላው ገንዳዎቹ አረፋ ይተፋሉ።

«ለዓሣ የውሃ መለኪያ ፈልጌ ነበር፣ ያ አኺ» አልኩት ባለችኝ ዐረብኛ፤ ወንድሜ ማለቴ ነው። ይሄ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው፣ ያ ዐም?» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

«የሐይቅ።» ልቤ ውስጥ ዝዋይ ነበር። ወይኑ ከዚያ አይደል የሚመጣው?

«ገንዳው ምን ያህል ይይዛል?»

«ሁለት መቶ ሊትር።» ይሄም እውነት ነው፤ የባለቤቴ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ነው። በእውነት መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ከልጅነቴ ነበር የምጀምረው።

ሦስት መለኪያ ደረደረልኝ። አንደኛው በሣጥን የመጣ፣ ገመድ ያለው፣ የሐኪም ዕቃ የሚመስል፤ ዋጋውን ሰምቼ እጄን መለስኩ። ሁለተኛው ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ፣ የውሃውን ሙቀትም አብሮ የሚያስተካክል። ሦስተኛው ቢጫ፣ ቀላል፣ ጫፉ ላይ እንደ ባቄላ ያለች መስታወት የተሰካበት፣ ጀርባው ላይ በትንሽ መፍቻ የምትዞር ብሎን ያለችው። ርካሹ እሱ ነው።

«ለዓሣ ቢጫው ይበቃሃል» አለኝ። «ሰባት አካባቢ ጥሩ ያነባል።»

«ሦስት ነጥብ አራት ላይስ?»

አንዱ ገንዳ ውስጥ አረፋ ሲፈነዳ ሰማሁት።

«ምን አልክ?»

«ሦስት ነጥብ አራት ላይ አይዋሽም ወይ?»

«ያ ዐም» አለ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ፤ «ሦስት ነጥብ አራት ላይ የሚኖር ዓሣ የለም። ሦስት ነጥብ አራት ላይ ዓሣ ካየህ ድስት ውስጥ ነው፤ ሎሚና ሽንኩርት ገብቶበታል።»

የወሎው ልጅ ምክር ትዝ አለኝ። ትዝ ያለኝ ግን አፌ ከተከፈተ በኋላ ነው።

«የእኛ አገር ዓሣ ጠንካራ ነው። ሙቀት ይችላል። በርሜል ውስጥም ይኖራል።»

ዓይኑ ከፊቴ ወደ አንገቴ ወረደ። ጎንበስ ስል ማተቤ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተ። ማተቤን መልሼ ከኮሌታዬ ሥር ከተትኩት። ያሰብኩት ግን ስለ ኢቃማዬ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ፣ አልነበረም። ልጄ ስታገባ ሁለተኛ ጊዜ ልቀር ነው፣ ባለቤቴም ባዶ እጇን ልትቀር ነው፣ የወንድሜ ሚስትም ሰላጣ ልትጠይቅ ነው አልኩ በልቤ።

«ዓሦቹ እዚህ ሪያድ ናቸው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወላሂ አይደሉም። አገሬ ናቸው፣ ቤቴ። የምታረባቸው ባለቤቴ ናት። እዚህ አንዲት ዓሣ የለችኝም፤ ከፈለግህ መጥተህ ክፍሌን እይ።»

«አገርህ ይፈቀዳል?»

«ቄሱም ይቀምሳሉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ እንዳለ ነው፣ ትከሻው ግን በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ደንበኛ ገብቶ የዓሣ ምግብ ገዝቶ እስኪወጣ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ጥቁር ናቸው ነጭ?»

«ጥቁር።»

«አባቴም ነበሩት።»

«ዓሣ?»

«ዓሣ። ተራራ ላይ።» በእጁ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ እርሻ አሳየኝ። «እንጨት ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚያድጉት። ነጮቹ ይበልጣሉ፣ የሚልህን አትስማ። እኛ ግን አናዋኛቸውም። ፀሐይ ላይ እናደርቃቸዋለን።»

«የደረቀውንም አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያን ይገባል።»

«ዘንድሮ ማን እንዳጠመዳቸው አላውቅም» አለ። ያ ዓመት በአገሩ ጦርነት የተነሳበት ዓመት ነበር። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ደውሎ ስልኩ እንዳልተነሳለት ነገረኝ።

እኔ ቀልድ የማጣው አልፎ አልፎ ነው። ያኔ አጣሁ። «አላህ ያረጋጋው» አልኩት። «አሚን» አለ፤ እጁን በካናቴራው ጠርጎ ወደ ሥራው ዞረ።

መካከለኛውን እንድገዛ ሊገፋፋኝ ይችል ነበር፤ ትርፉ እዚያ ነበር። እሱ ግን የቢጫውን ካርቶን አወረደ። ከራሱ መደርደሪያ አንዲት የዱቄት ከረጢት ቀደደ፣ የተጣራ ውሃ ጠርሙስ ከፈተ፣ በጠበጠው። «ይሄ አራት ነው። ሌላ ቁጥር የለውም። መለኪያው ይሄን ሌላ ነገር ካለ ውሸታም ነው።» ሌላ ብርጭቆ ላይ ደግሞ የሰባቱን በጠበጠ።

ከዚያ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ ነከራቸው። የመጀመሪያው አራት አለ፣ አራት ተኩል አለ፣ ተመልሶ ሦስት አለ። «ይሄ ደላላ ነው» አለና ወደ ጎን ጣለው። ሁለተኛው አራት ላይ ቆመ፤ ወደ ሰባቱ ሲያዞረውም አራት አለ። «ይሄ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው የተማረው።» ሦስተኛውን ነከረው። ትንሽ ዋዠቀ፣ ረጋ። ብሎኗን በመፍቻ ነካ አደረጋት። ወደ ሰባቱ ወሰደው፤ ሰባት አለ። አጥቦ ወደ አራቱ መለሰው። አራት።

«እየው» አለኝ። «ሄዶ የሚመለሰው ነው የሚታመነው።»

እዚያ ሱቅ ውስጥ ከነበርነው ሁለት ሰዎች፣ መመለሻ ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔ የገባኝ ውጭ ከወጣሁ በኋላ ነው።

የመለኪያውን ጫፍ ውሃ ባዘለ ጥጥ ሸፍኖ ክዳኑ ውስጥ አስገብቶ ዘጋልኝ። «አፉን አታድርቅበት። አፉ ከደረቀ ይዋሻል። በጨርቅም እንዳትጠርገው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተኸው እንዳትሄድ።» የእኔ አፍ ግን ሲረጥብ ነው የሚዋሸው ልለው አሰብኩና፣ ለዕለቱ በቂ ተናግሬአለሁ ብዬ ተውኩት። ከዕቃው ጋር የሰባትና የአሥር ዱቄት ነበር የሚመጣው። የአሥሩን አውጥቶ በአራት ተካልኝ። «ዓሦችህ የሚዋኙት በዚህ በኩል ነው።» ሁለት ደግሞ ተጨማሪ ሰጠኝ።

የመለኪያውን ከፈልኩ። ለዱቄቶቹ ገንዘብ ሳወጣ እጄን ያዘኝ።

«ለዚህ አልቀበልህም። ስትመለስ የዓሦችህን ፎቶ አምጣልኝ። ገና ሳይዋኙ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩት። ከአፌ የወጣ ነበር፤ ከልቤም የወጣ ነበር።

አዳማ ስደርስ በርሜሉ ከሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ነበር። ወይኑ መጣ፣ ተጨመቀ። ልጄ መለኪያውን ይዛ ስትቀርብ ባለቤቴ እጇን ዘረጋች፦ «ቆይ። መጀመሪያ እኔ።» በጣቷ ነክራ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ለስልሷል። እንደዚያኛው ጊዜ ነው።» መለኪያው ሦስት ነጥብ ስምንት አለ። እናትና ልጅ ተያዩ። ምላሷ ልክ ነበር፤ ያን ጊዜም ጠርጥራ ነበር፣ ግን በምን ታረጋግጠው? ልጄ አዲስ አበባ የገዛችውን የወይን አሲድ በማንኪያ ጫፍ እየጨመረች፣ ባለቤቴ እያማሰለች፣ እኔ ቁጥር እየጠራሁ፣ ሦስት ነጥብ አራት ላይ ደረስን። በሕይወቴ ለቤቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ቁጥር መጥራት ሳይሆን አይቀርም።

«እሱን ብንነክርበትስ ስንት ይላል?» አለች ባለቤቴ ወደ እኔ እያመለከተች።

«አባዬ ከሰባት በላይ ነው» አለች ልጄ። «ሳሙና ነው። ያንሸራትታል።»

ወይኑ በጥር ገና ወጣት ነበር፣ ግን ጤነኛ ነበር። በሠርጉ ቀን የወንድሜን ሚስት ከሩቅ ነው የተከታተልኳት። ተጎነጨች። ቆየች። ደገመች። ከዚያ ባዶ ብርጭቆዋን ወደ ባለቤቴ ዘረጋች።

«ሰላጣ ላምጣልሽ?» አለቻት ባለቤቴ።

«ኧረ ተይኝ እህቴ፣ ቅጂልኝ!»

ሁለቱም ተሳሳቁና ተቃቀፉ። እኔ ከግርግሩ ወጣ ብዬ ከድንኳኑ ጀርባ ቆምኩ። ባጥሐ መስታወት መሀል የቆመውን ሰውዬ አሰብኩት። ምሥጢሬን ይዞ ዝም ያለ ሰው፣ ትርፉን ትቶ ርካሹን የመረጠልኝ ሰው፣ የራሱ ዓሦች ግን ተራራው ላይ የቀሩበት።

ፎቶውን አንስቻለሁ። ገና ወይኑ ሳይጨመቅ ነው፣ ባለው መሠረት። ባለቤቴ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ትልቅ ጥቁር ዘለላ ከአናቱ ይዛ ወደ ካሜራው ዘርግታለች፤ ልክ ዓሣ አጥማጅ የያዘውን በጅራቱ አንጠልጥሎ እንደሚያሳይ። እንዲያ ያዢው ያልኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ስትሰማ ፊቷን ለማኮሳተር ሞክራ አልቻለችም፤ ፎቶው ላይ አፏ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ነው የሚታየው። አሳጥቤ ለሪያድ ሻንጣዬ ውስጥ ከሸሚዞቼ መሀል አስገባሁት።

ተመልሼ በመጀመሪያው ዓርብ ባጥሐ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ሱቁ አለ፣ ገንዳዎቹ ግን የሉም። የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። አዲሱ ሰው የቀድሞውን አያውቀውም። አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ ጅዳ ወንድሙ ዘንድ ሄዷል ይላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሽቶ ሻጭ ደግሞ አይ፣ አገሩ ገባ ይላል። ከዚያ በኋላም በየጊዜው ብቅ እያልኩ ጠየቅኩ።

«ጋሼ» አለኝ የወሎው ልጅ፣ «ለውሸት ዓሣ የእውነት ፎቶ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው።»

«ዱቄቱን በነፃ አልወሰድኩትም እኮ።»

መለኪያው አዳማ አለ፣ ጫፉ እርጥብ ነው፣ ባለቤቴ በየሳምንቱ ጥጡን ትቀይርለታለች። የዱቄቱ ከረጢት አልቋል። ፎቶው ግን አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ተጣጥፏል እንጂ ዘለላው አልደበዘዘም። ከባለቤቴ እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ አለ፣ ጥቁር፣ ገና ሳይዋኝ። የዚያ ሰውዬ ነው፤ አላደረስኩለትም።